ባለ 8 ኢንች ዶብሶን ቴሌስኮፕ በደብረ ብርሃን መናፈሻ፦ ለሕዝብ ማሳያ ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ከሳጥኑ እንደወጣ ግን አይደለም። ሁለት ሦስት ዕቃ ተጨምሮበት፣ የደብረ ብርሃን ብርድና የመንገዱ ንዝረት የሚያደርጉት ታውቆ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሳየው ሰው ሠልፍ ማስተናገድ ሲችልበት ነው። ይህ ግምገማ ቴሌስኮፕ ገዝቶ በግቢው ብቻውን ሊያይ ላሰበ ሰው አልተጻፈም። በከተማ መናፈሻ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ወይም በአደባባይ ዳር አቁሞ መንገደኛውን "ይምጡ፣ ይዩ" ለሚል የሳይንስ ክበብ፣ መምህር ወይም የወጣቶች ማኅበር ነው።

መናፈሻ ውስጥ ያለ የሕዝብ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተ ሲሆን፣ ባለ 12 ኢንቹ የዛይስ ቴሌስኮፕ ሰማይ በጠራ ምሽት ለመጣው ሁሉ በነፃ ያሳያል። እኛ ዘንድ የእንጦጦው አለ፤ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይዟል። የእነሱ ዋና ሥራ ምርምር ነው። በዚያ ላይ ከደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተማሪ ጭኖ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ በሌሊት መመለስ ለብዙ ትምህርት ቤት የሚሞከር አይደለም። ቀለል ያለው መንገድ ቴሌስኮፑን ወደ ሕዝቡ ማምጣት ነው፤ ዶብሶንም የተፈለሰፈው ለዚሁ ነበር። ጆን ዶብሶን በሳን ፍራንሲስኮ የቬዳንታ (የሂንዱ ፍልስፍና) ገዳም መነኩሴ ነበር፤ ከገዳሙ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 የእግረኛ መንገድ ላይ ቴሌስኮፕ እያቆመ አላፊ አግዳሚውን በነፃ የሚያሳይ ማኅበር ከወጣቶች ጋር መሠረተ። ቱቦው ኮንክሪት የሚሞላበት ካርቶን፣ መቆሚያው ኮምፔንሳቶ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ የሚያመርተው ቱቦውን ብረት፣ መቆሚያውን ቺፕውድ አደረገው እንጂ አሠራሩን አልቀየረውም።

ዕቃው ምንድን ነው

ከቱቦው ግርጌ 203 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስታወት ይቀመጣል፤ የትኩረት ርቀቱ (ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ያለው) 1,200 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ብርሃኑን ወደ ጎን ታጥፈዋለች፤ ዓይን የሚጠጋው እዚያ ነው፣ ቱቦው ጫፍ አካባቢ። ብዙውን ጊዜ ሁለት አይፒስ (ዓይን የሚጠጋው ትንሹ ሌንስ) አብረው ይመጣሉ፦ 25 እና 10 ሚሊ ሜትር። 1,200ን ለአይፒሱ ቁጥር ማካፈል ማጉያውን ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 48 እጥፍ፣ ሁለተኛው 120 እጥፍ ማለት ነው። ቱቦው ወደ 11 ኪሎ፣ መቆሚያው ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሳዋል፣ አንድ ሰውም በሁለት ዙር።

ገበያ ላይ "525 እጥፍ ያጎላል" የሚል ካርቶን ሲታይ ማለፍ ነው። ቁም ነገሩ የመስታወቱ ስፋት ነው። ጨለማ የለመደ የወጣት ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል፤ 203 ሚሊ ሜትር መስታወት ከዚያ ከ800 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። በሱቅ መስኮት የሚታዩት ባለ 60 ሚሊ ሜትሮች ከዚህኛው ጋር ሲተያዩ ብርሃን የሚሰበስቡት አንድ አስራ አንደኛውን ነው፤ እግራቸውም ቀጭን ስለሆነ ሰው በነካቸው ቁጥር ጨረቃዋ ትንቀጠቀጣለች። ለሕዝብ ማሳያ ከሁለቱ ጉድለት የባሰው ሁለተኛው ነው። ደብዛዛ ምስል ትንሽም ቢሆን ይታያል፤ የሚንቀጠቀጥ ምስል ግን ለእማማ ምንም አይደለም።

ስለ ኢኳቶሪያል መቆሚያ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ያ የብረት ክብደት ያለው፣ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ የሚዞረው። ለአውሮፓ ጥሩ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ከፍ የሚለው 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ባሕር ዛፉ፣ ሕንፃው ወይም ማታ የሚተኛው ጭስ ይሸፍነዋል። ዘንጉን እስከዚያ ድረስ ዝቅ ማድረግ ሲሞከር ደግሞ ብዙዎቹ ሞዴሎች ክብደታቸው ከእግራቸው ጋር ይጋጫል። ኮምፒውተር ያለው፣ ኮከቡን ራሱ የሚፈልገው ዓይነትም አለ። በባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ቀንና ሰዓት ሲጠይቅ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፣ ቴሌስኮፑም መሬት መሬት ያያል። የሰዓት ቀጠናው ፕላስ 3፣ ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ቀኑ በብዙዎቹ ወር ቀድሞ ነው። ዶብሶን ይህ ሁሉ የለበትም፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ በእጅ ይገፋል፣ ተለቆ ሲተው ይቆማል።

እንዴት ይመጣል

የቱቦው ካርቶን ከ1 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ከአውሮፕላን ሻንጣ መጠን ያልፋል፤ ሙሉውን ማስጫን ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ወጪ ሊያስከትል ይችላል። የሚያውቁት ሰዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። መስታወቱን ከነመያዣው፣ ትንሿን መስታወት፣ ማስተካከያውን (አይፒሱ የሚገባበትን) እና አይፒሶቹን በሻንጣ ያስመጣሉ። ዋናው መስታወት ወደ 2 ኪሎ ነው፤ በስፖንጅ ተጠቅልሎ በእጅ ቢያዝ ይመረጣል። መቆሚያውን ግን የደብረ ብርሃን አናጢ ይሠራዋል፣ ያውም ከፋብሪካው የተሻለ፤ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከቺፕውዱ ቀላልም ነው፣ ጤዛም አያሳብጠውም። አናጢው ሊሳሳት የሚችለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ማዞሪያዎቹ። ክብ ሰሌዳው ሦስት የቴፍሎን ቁርጥራጭ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሦስቱም ከታች ካሉት ሦስት እግሮች ቀጥታ በላይ መሆን አለባቸው። በእንጨት ላይ እንጨት ከሆነ ሲገፋ ይነክሳል፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል። ግራሶ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ ያኔ ነፋስ ያዞረዋል።

መስታወት ማስተካከል

የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ስሙ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ መስታወቶች ፊት ለፊት በትክክል ካልተያዩ ኮከብ ጅራት ታወጣለች፣ የጁፒተር ቀበቶዎችም ይደበዝዛሉ። ሰውም "ዕቃው ርካሽ ነው" ይላል። ከአዲስ አበባ በአስፋልት ቢመጣም እንኳ ይዛባል፤ ኮረኮንች ላይ በአይሱዙ ከተጫነ ደግሞ መዛባቱ አያጠራጥርም። ከመኪና በወረደ ቁጥር መፈተሽ ግዴታ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ቱቦው ወደ አግድም ይተኛል፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ እያለ የወደቀ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) መድረሻው ዋናው መስታወት ነው። ቼሻየር የሚባለው ቀዳዳ ያለው ቀላል ቱቦ በአይፒሱ ፋንታ ይገባል። መጀመሪያ ትንሿ መስታወት፦ ሦስቱን ትንንሽ ብሎኖች በብሩጎላ አንዱን እያላሉ ሌላውን በመጠኑ እያጠበቁ፣ የዋናው መስታወት ሦስቱም መያዣ ጥፍሮች እኩል እስኪታዩ ድረስ። ሦስቱንም አንድ ጊዜ ማላላት ክልክል ነው፤ መስታወቷ ትዞራለች። ከዚያ ወደ ግርጌው፦ ሦስት ቁልፎች በሞላ ላይ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ሦስት ማጥበቂያዎች አሉ። ማጥበቂያዎቹ ይላላሉ፣ ቁልፎቹ ሩብ ሩብ ዙር እየዞሩ የዋናው መስታወት መሐል ላይ ያለችው የቀለበት ምልክት ከቼሻየሩ ነጥብ ጋር ትገጥማለች፣ ከዚያ ማጥበቂያዎቹ በስሱ ይያዛሉ። ጠንክረው ከታሠሩ መስታወቱን ራሱን ይቆነጥጡታል፤ ኮከብም ሦስት ማዕዘን ሆና ትታያለች። የለመደ ሰው በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል።

ሌዘር የሚባለው ማስተካከያ ፈጣን ይመስላል። ርካሹ ሌዘር ግን ራሱ የተጣመመ ነው። በቦታው ላይ እያለ ዙሪያውን ሲዞር ቀዩ ነጥብ ክብ የሚሠራ ከሆነ ሌዘሩ አይታመንም። የመጨረሻው ፈተና ሰማይ ላይ ነው፦ አንድ ደማቅ ኮከብ በ120 እጥፍ መሐል ላይ ይደረግና ትኩረቱ በትንሹ ይበላሻል፤ ቀለበቶቹ እንደ ዒላማ መሐላቸው አንድ ከሆነ ጨርሷል።

ብርዱ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ነው፤ ማለት ሲሶ የሚጠጋው አየር ከታች ቀርቷል። ለቴሌስኮፕ ይህ ስጦታ ነው፤ በጠራ ምሽት ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ኮከቡም ብዙ። ስጦታው የሚበላሸው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ፀሐይ እንደጠለቀችም ሙቀቱ በፍጥነት ይወርዳል። ክፍል ውስጥ የዋለ መስታወት ግን ቶሎ አይበርድም። እስኪበርድ ድረስ ከላዩ ሙቅ አየር ይነሳል፤ ጁፒተርም ውኃ ውስጥ እንዳለ ትርገበገባለች። ስለዚህ ማሳያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ ቴሌስኮፑ 11:30 ላይ ከቤት ወጥቶ ከላይም ከታችም ተከፍቶ ጥላ ውስጥ መቆም አለበት። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ጤዛው ይጀምራል። ቀድሞ የሚያዘው አይፒሱ ነው፤ ምክንያቱም ሃምሳ ሰው ተንፍሶበታል። ሲደበዝዝ በነጠላ ጫፍ መጥረግ የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፤ አይፈቀድም፣ አቧራው ሌንሱን ይቧጭራል። ሁለት አይፒስ እየተፈራረቁ፣ አንዱ የደረት ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ሌላው ሥራ ላይ ይሁን። ለትንሿ መስታወት ደግሞ የቱቦው አፍ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚታሰር ስስ ስፖንጅ ምንጣፍ ይበቃል፤ ጤዛንም የመንገድ መብራትንም ይከለክላል። የሚያሳየው ሰው ራሱን አይርሳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው የመንዝ ባና ቢደርብ አያፍርበትም።

ጭሱም አለ። ነፋስ በሌለበት የበጋ ምሽት ለእራት የተነደደው ኩበትና ቅጠል ከቤቶቹ በላይ ተንጣሎ ይተኛል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ያለ ነገር ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ መናፈሻው ውስጥ የሚመረጠው ጥግ ከፍ ያለው፣ በምሥራቅና በደቡብ ዛፍ የሌለበት፣ ሣር ያለበት ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ኮብልስቶን እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተፋል። የመንገድ መብራት ማጥፋት ባይቻል እንኳ መብራቱን ከጀርባ አድርጎ መቆም ይቻላል።

ሠልፉ

ዶብሶን ኮከብን አይከተልም። ምድር ስለምትዞር በ120 እጥፍ ጁፒተር ከአንዱ ጠርዝ ገብታ በሌላው እስክትወጣ 100 ሰከንድ ያህል ብቻ ትቆያለች፤ በ48 እጥፍ ግን ከአራት ደቂቃ በላይ። ይህ ቁጥር የምሽቱን ሥርዓት ሁሉ ይወስናል። አሳዪው ጁፒተርን መሐል ላይ አያስቀምጣትም፤ ወደምትገባበት ጠርዝ ያደርጋታል፣ ሰውየው ዓይኑን እስኪያስጠጋ እሷ መሐል ትደርሳለች። በየአንድ ሰው፣ ቢበዛ በየሁለት ሰው መልሶ ማስተካከል ነው። ለአንድ ሰው ከነመውጣት መውረዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢታሰብ በሁለት ሰዓት 80 ሰው ያያል። 300 ተማሪ ጠርቶ አንድ ቴሌስኮፕ ማቆም ልጆቹን ማስቀየም ነው።

አይፒሱ የሚገኝበት ከፍታ ይለዋወጣል። ቱቦው ወደ ላይ ቀጥ ሲል ከመሬት 1.20 ሜትር አካባቢ ነው፤ ለአዋቂ ጎንበስ ማለት፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ በርጩማ ያስፈልጋል። ከበርጩማው ይልቅ የሚጠቅመው አጠገቡ የሚቆም ባለ መደገፊያ ወንበር ነው፤ ሰው በጨለማ ውስጥ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ወንበሩ ከሌለ የሚይዘው ቴሌስኮፑን ነው። ለልጆች "እጅ ወደ ኋላ" ማለት ይበቃል። ለትላልቅ ሰዎች አነጋገሩ ሌላ ነው፦ "እማማ፣ ወንበሩን ይያዙ፤ ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑ፤ ቀዳዳውን ሳይሆን ከቀዳዳው ወዲያ ይመልከቱ።" አንድ ዓይን ጨፍኖ ሌላውን መክፈት ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ በእጅ መሸፈን ይቀላል። ያየ ሰው ምን እንዳየ እንዲናገር መጠየቅም ጥሩ ነው። "አየሁ" የሚለው ሁሉ አላየም፤ ሠልፉን ላለማስቆየት ብሎ የሚዋሽ ጨዋ ሰው ሞልቷል።

መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት ብቻ ከሆነ ችግራቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ትኩረቱን ራሳቸው ቢያዞሩ ይሻላል። የ10 ሚሊ ሜትሩ አይፒስ ዓይንን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲጠጋ ያስገድዳል፤ መነጽር ለብሶ አይቻልም። አብረው ከሚመጡት ዕቃዎች ደካማው ይህ አይፒስ ነው። በገንዘብ የሚተካ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይተካ፤ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ሰፊ እይታ ያለው፣ ዓይን ቢርቅም የሚያሳይ። ሁለተኛው ጭማሪ ቀይ ነጥብ ያለው ማነጣጠሪያ ነው፤ የመጣው ትንሹ የማነጣጠሪያ ቱቦ ምስልን ገልብጦ ስለሚያሳይ ለጀማሪ አሳዪ ራስ ያዞራል። ሦስተኛው ቼሻየሩ። ከሦስቱ በኋላ ያለው ሁሉ ቅንጦት ነው።

የስልክ መብራት የምሽቱ ጠላት ነው። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ስልክ በሰከንድ ያበላሸዋል። ለአስተናጋጆቹ መብራት ላይ ቀይ ፌስታል ሁለት ጊዜ ማጠፍ በቂ ነው። ፎቶ አነሳለሁ የሚል ሰው በጨረቃ ምሽት ብቻ፣ በ25 ሚሊ ሜትሩ፣ ሠልፉ ካለቀ በኋላ ይፈቀድለት።

ምን ይታያል፣ መቼ

ሙሉ ጨረቃ ለማሳያ መጥፎ ናት፤ ብርሃኗ ፊት ለፊት ስለሚወድቅ ጥላ የላትም፣ ጠፍጣፋ ሰሐን ናት። የምትመረጠው ከታየች ከ6ኛ እስከ 10ኛ ቀኗ ነው፤ በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ተራራውና ጉድጓዱ ጥላ ይጥላል። የሂጅራ ቀን የሚቆጥር ጎረቤት ቀኑን ወዲያው ይነግራል፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህንም እንዲሁ። ሌላ ጥቅምም አላት። ግማሽ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ አናት አካባቢ ስለሆነች ማሳያው ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ ገና በብርሃን፣ መጀመር ይችላል። የማታ እንቅስቃሴ በሚገደብበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፕላኔቶች እዚህ ከአናት በላይ ያልፋሉ። ይህም የዶብሶን ደካማ ጎን የሚጋለጥበት ነው፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ አናት ሲያይ ወደ ጎን መግፋት አይሆንም፣ መቆሚያው ሁሉ ይዞራል። መፍትሔው ጁፒተርን አናት ላይ ሳትደርስ ወይም ካለፈች በኋላ ማሳየት ነው። በ2019 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ ስለምትሆን ሌሊቱን ሙሉ ትታያለች፤ ሳተርን ደግሞ በዚያው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ግድም። የሳተርን ቀለበት እ.ኤ.አ. በ2025 ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ስለነበር እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ አሁን ቀስ እያለ እየተከፈተ ነው፣ እስከ 2032 ድረስም ይሰፋል። የጁፒተር አራቱ ጨረቃዎች፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው፣ በ48 እጥፍም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ቀን በቀን ቦታ ይቀያየራሉ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ቢነገር ጥሩ ነው። በ120 እጥፍ ጁፒተር በባዶ ዓይን ከምናያት ጨረቃ ከሁለት እጥፍ በላይ ሰፍታ ነው የምትታየው፤ ያም ሆኖ ሰው "ትንሽ ናት" ይላል፤ በጥቁር ሰማይ መሐል ብቻዋን ስለሆነች። ቀለምም እንደዚያው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ግራጫ ጉም ነው እንጂ ስልክ ላይ እንዳለው ሐምራዊ አይደለም። ርቀቱ ከማሳየት በፊት ሲነገር ሰው ግራጫውን ጉም በአክብሮት ያየዋል፤ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

በታኅሣሥና በጥር ኦሪዮን በሚባለው የኮከብ ቡድን ውስጥ ያለው ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) እና ሰባቱ ከዋክብት የምሽቱ ንጉሦች ናቸው። የሰባቱ ከዋክብት ስብስብ ሰፊ ስለሆነ የሚመቸው 25 ሚሊ ሜትሩ ነው። ከሚያዝያ እስከ ግንቦት፣ የበልጉ ደመና ሲገለጥ፣ የደቡብ መስቀል 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የከዋክብት ክምችትም 33 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይወጣል። ይህን ግሪፊዝ ፓርክ ላይ እንዲህ ከፍ ብሎ ማንም አያየውም። ከከተማው መብራት መራቅ የሚችል ቡድን የጓሳ ሜዳን ያስብ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ግን ብርዱ ከደብረ ብርሃን ይከፋል። የጣርማ በር ገደል አፋፍ እይታው ቢያማልልም ከቆላው የሚወጣ ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉን ይሸፍናል።

ከሠልፉ ውስጥ አንድ ሰው ስለ ከተማው ብርሃን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ይኸው፦ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታይቶ ደብረ ብርሃንን እንደመሠረቱ ይነገራል፤ ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ኮከቡ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፤ ያለፈው ጊዜ እ.ኤ.አ. 1986 ነበር፣ ቀጣዩ 2061 ነው።

ፀሐይ

መናፈሻ ሰው የሚበዛበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ይህ ቴሌስኮፕ ለፀሐይ ማሳያም ይፈለጋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ማጣሪያው ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት፣ ሙሉውን ሸፍኖ፣ ነፋስ እንዳያነሳው በፕላስተር ታስሮ ይቀመጣል። ማጣሪያው አንድ መቶ ሺኛውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ፣ ለዚሁ የተሠራ ፊልም መሆን አለበት። የኤክስሬይ ፊልም፣ የብየዳ መስታወት፣ ከአይፒስ ሥር የሚጠለቅ ጥቁር ሌንስ አይሆኑም፤ የመጨረሻው በሙቀት ይሰነጠቃል። ማነጣጠሪያው ይወለቃል ወይም ይከደናል። የዓይን ብርሃን መቀበያ ሕመም አይሰማውም፤ የተቃጠለ ሰው የሚያውቀው በኋላ ነው። ሳይጠበቅ ለአንድ ደቂቃ እንኳ መተው የለበትም። ፊልሙ ከመተከሉ በፊት ወደ ፀሐይ ተይዞ ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 የሚሆነው ግርዶሽ ሙሉ የሚሆነው በሰሜን አፍሪካና በዓረብ ምድር ነው፤ እዚህ በከፊል ይታያል። ወሩ ክረምት ስለሆነ ደመናው ሊከለክል ይችላል፤ ፊልሙ ግን ቀድሞ ይታዘዝ፣ ግርዶሽ ሲቃረብ ያልቃል።

ጉድለቶቹ

ነፋስ አይችልም፤ ቱቦው እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፣ ባንዲራ የሚያውለበልብ ነፋስ ካለ 120 እጥፍ አይሠራም። ባጃጅ አይጭነውም፤ ሚኒባስ ወይም ፒካፕ ይፈልጋል። ረጅም ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኬላ ላይ ሲታይ ጥያቄ ማስነሳቱም ያለ ነው፤ ሳይጠቀለል፣ ከመናፈሻው አስተዳደር የፈቃድ ደብዳቤ ጋር መያዝ ይሻላል። ከባድ አይፒስ ሲገባበት አፉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግርጌው ላይ ማግኔት ወይም የአሸዋ ከረጢት ያመጣጥነዋል።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ከሆነና ቴሌስኮፑን የሚይዘው ሰው በየዓመቱ የሚቀያየር ከሆነ ከዚህ ይልቅ ባለ 6 ኢንቹ ይመረጣል። የትኩረት ርቀቱ ተመሳሳይ 1,200 ነው፤ ብርሃኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ለጨረቃና ለፕላኔት ግን ልዩነቱ ብዙም አይጎላም። መስታወቱ ትንሽ ቢዛባም ይታገሣል፣ አንድ ሰውም ይሸከመዋል።

ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ መቆሚያው ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ተደርጎ፣ ቱቦው ተከድኖና አፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ በደረቅ ክፍል ይቀመጣል። ገና ከጤዛ እንደተመለሰ መክደን አይገባም፤ መጀመሪያ ይድረቅ፤ አለዚያ ሻጋታው መስታወቱን ይበላል። አቧራ ስላረፈበት ብቻ መስታወቱ አይታጠብም፤ ጥቂት አቧራ በምስሉ ላይ ለውጥ የለውም። መታጠብ ካለበት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሳይታሽ፣ በተጣራ የባትሪ ውኃ (አሲዱ አይደለም) እያፈሰሱ ነው። ሲመለስ ሦስቱ ጥፍሮች ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተውላቸው።